ያላዩትን መጠበቅ ይቻላል?

ውድ አንባቢ፣ ዛሬ በዚህ ገጽ የማነሣው ጥያቄ ላይ ላዩን ሲያዩት የሐኪም ጉዳይ ይመስላል። ሥሩ ግን የሁላችንም ነው። በቀላሉ የሚጎዳ፣ አንዴ ከተበላሸ ላይመለስ የሚችል ነገር በእጃችን ሲገባ እንዴት ነው የምንጠብቀው? ከእሱ በመራቅ ነው ወይስ ቀርቦ በማየት? «ያልነኩት ነገር አይሰበርም» የሚል አለ። «ያላዩትን እንዴት ይጠብቁታል?» የሚልም አለ። ሁለቱም በየፊናቸው እውነት አላቸው። ልጅ የሚያሳድግ፣ ወላጅ የሚያስታምም፣ የሰው ምሥጢር የያዘ ሰው ሁሉ በየቀኑ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል፤ መምረጡን ግን ልብ አይለውም።

እንዲህ ያለውን ጥያቄ በባዶ ሜዳ ላይ ቢያንከባልሉት ማለቂያ የለውም። ስለዚህ አንድ ጠባብ ቦታ ላይ አስቀምጠን እንመርምረው። ቦታው የሰው አንገት ነው፤ ነገሩም የእንቅርት ኦፕራሲዮን።

እንቅርት ለእኛ እንግዳ አይደለም። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ስንል የመጀመሪያውን መከራ ማስረዳት አላስፈለገንም፤ ሁሉም ቤት የሚያውቀው ነውና። የደጋው አፈር አዮዲን ስለሚያንሰው፣ ከማንቁርት በታች ያለው ታይሮይድ የሚባለው እጢ የጎደለውን ለማካካስ ሲጥር ያብጣል። በ2011 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኢትዮጵያ አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከመቶ ቤት በ15ቱ ግድም ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ደንብ ወጣ፤ በ2016 በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ቁጥሩ ወደ 89 ከፍ ብሎ ተገኘ። ይሁን እንጂ ጨው የሚጠቅመው ይበልጡን ለሚመጣው ትውልድ ነው። ከዓመታት በፊት ያበጠው የእናቶቻችንና የአክስቶቻችን አንገት እንዳለ ነው። እብጠቱ የአየር ቧንቧውን ሲጫን፣ ካንሰር ነው ተብሎ ሲጠረጠር፣ ወይም እጢው ከልክ በላይ እየሠራ በመድኃኒት አልበርድ ሲል፣ ሐኪሙ ቢላዋ ያነሣል።

ከዚህ እጢ ጀርባ አንዲት ቀጭን ነርቭ ታልፋለች። ውፍረቷ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ነው። መንገዷ ያስገርማል። ከራስ ቅል ሥር ከሚነሣው ትልቅ ነርቭ ጋር አብራ ትወርድና መድረሻዋ የሆነውን ማንቁርት አልፋ ትሄዳለች። በግራ በኩል ደረት ውስጥ ገብታ ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ቧንቧ፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ወደ ክንድ የሚሄደውን የደም ቧንቧ በሥሩ ዞራ ወደ ላይ ትመለሳለች። ሐኪሞች «ተመላሿ ነርቭ» የሚሏት ስለዚህ ነው። ስትመለስ በአየር ቧንቧና በምግብ ቧንቧ መካከል ባለው ቦይ ተጠግታ፣ የእጢውን ጀርባ እየታከከች ወጥታ ማንቁርት ውስጥ ትገባለች። የድምፅ አውታሮቻችንን የምትከፍትና የምትዘጋ እሷ ናት፤ ስንተነፍስ ትከፍታለች፣ ስንናገርና ስንውጥ ትዘጋለች።

ከግራና ከቀኝ አንዷ ብቻ ስትጎዳ ድምፅ ይሻክራል፣ ይሳሳል፤ ውሃ ሲጠጡ ትን ይላል። ሁለቱም ከተጎዱ ጉዳዩ ከድምፅ ያልፋል። አውታሮቹ ተጠጋግተው ይቀሩና ትንፋሽ ያጥራል፤ በሽተኛው አንገቱ ላይ መተንፈሻ ቀዳዳ እስኪከፈትለት ሊደርስ ይችላል። ከላይ በኩል ደግሞ ከዚህችም የቀጠነች ሌላ ቅርንጫፍ አለች። የእሷ ሥራ አውታሩን ወጥሮ ድምፅን ከፍ ማድረግ ነው። እሷ የተጎዳችባት ሴት ስታወራ ያመማት ላይመስል ይችላል፤ የልጅዋ ሠርግ ቀን እልል ልትል ስትነሣ ግን ድምፁ እምቢ ይላታል። ብዙ ጥናቶች በአንድነት ሲታዩ ከኦፕራሲዮን በኋላ ነርቯ ለጊዜው የምትደክምባቸው ከመቶ ዐሥር ግድም፣ ለዘለቄታው የምትጎዳባቸው ደግሞ ከመቶ ሁለት ግድም ናቸው። ብዙ አይደሉም። ከመቶው ሁለቱን ለሆነው ሰው ግን ሒሳቡ ሌላ ነው።

ድምፅ በዚህች ክር ላይ መንጠልጠሉ የታወቀው ዛሬ አይደለም። በሁለተኛው ምእተ ዓመት በሮማ የነበረው ግሪካዊው ሐኪም ጋሌን፣ የሚጮህ አሳማ በሕዝብ ፊት አቅርቦ ነርቮቹን ሲቆርጥ አሳማው እየተወራጨ ድምፁ ጠፋ። በዚያ ዘመን ንግግር የሚመነጨው ከልብ ነው ብለው ለሚከራከሩ ፈላስፎች የሰጠው መልስ ነበር፤ ድምፅ የሚታዘዘው በአንጎል ነው አላቸው። ይኸው ጋሌን የአንገት እብጠት ሲወጣለት ነርቩ ተጎድቶ ድምፁን ስላጣ ልጅም ጽፏል። እንግዲህ አደጋው ከተጻፈ ከ1,800 ዓመት በላይ ሆኖታል። አንድ ነገር መኖሩን ማወቅና እሱን መጠበቅ ማወቅ ግን ለየቅል ናቸው።

እስከ 19ኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ ድረስ የእንቅርት ኦፕራሲዮን ሲነሣ የሚያስፈራው ሞት ነበር እንጂ ለድምፅ የሚጨነቅ አልነበረም። ደሙ አይቆምም፤ ቁስሉ ያመረቅዛል። ይህን ከለወጡት ሰዎች ዋናው በስዊዘርላንድ በበርን ከተማ ይሠራ የነበረው ቴዎዶር ኮኸር ነው። በሙያ ዘመኑ ሁሉ ከ5,000 በላይ እንቅርት የቀደደው ይህ ሰው፣ በኦፕራሲዮን የሚሞተውን ሰው ከመቶ አንድ በታች አውርዶ በ1909 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ሰው ከሞት ሲተርፍ ሌላው ጥያቄ ተራውን ያዘ፤ ከአልጋው የተነሣው ሰው በምን ድምፅ ይናገራል?

በዚህ ጊዜ ሐኪሞች ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን «ነርቯን አትፈልጋት» አለ። የእጢውን የኋላ ክፍል በስሱ እንደ መጋረጃ ትተህ የፊቱን አውጣ፤ ከመጋረጃው በስተጀርባ ያለችውን አትንካት፤ ፍለጋው ራሱ ይጎዳታል። ይህ የሰነፍ ምክር አልነበረም። ቀጭን ነገር በመነካካት እንደሚጎዳ ማንም ያውቃል፤ ብዙ ጎበዝ እጆችም በዚህ መንገድ ሠርተው ብዙ ሰው አድነዋል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ፈልጋት፣ ግለጣት፣ እያየሃት ሥራ» አለ። በቦስተን የነበረው ቀዶ ጠጋኝ ፍራንክ ሌሂ በ1938 ባወጣው ጽሑፍ፣ ከ3,000 በላይ በሆኑ ኦፕራሲዮኖች ነርቯን እየፈለጉ ገልጦ ማየት ጉዳቱን እንደቀነሰ አስታወቀ። ክርክሩ ወዲያው አልበረደም። ዛሬ ግን ያመዘነው የማየቱ ወገን ነው። የአሜሪካ የአንገት በላይ ሐኪሞች አካዳሚ በ2013 ያወጣው መመሪያ ቀዶ ጠጋኙ ነርቯን ፈልጎ ማግኘት እንዳለበት በግልጽ ይናገራል።

ማየት ለምን አሸነፈ? ምክንያቱን ልብ ብለው ይመልከቱት፤ የጽሑፌ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። ነርቯ ሁልጊዜ መጽሐፍ ያለው ቦታ ላይ አትገኝም። እንቅርቱ ሲያድግ ከቦታዋ ይገፋታል። በአንዳንዱ ሰው ማንቁርት ሳትደርስ ለሁለት ለሦስት ትከፈላለች። ከመቶ ሰው አንድ በማይሞላው ደግሞ በቀኝ በኩል ጨርሶ አትመለስም፤ ወደ ደረት ሳትወርድ ከላይ በቀጥታ አቋርጣ ትመጣለች። ይህ ዓይነቱ ነርቭ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው በ1823 ነው። እንግዲህ «ከነርቯ እርቃለሁ» የሚለው ሐኪም የሚርቀው ከምን ነው? ነርቯ አለች ብሎ ካሰበበት ቦታ ነው። ሐሳቡ ትክክል ከሆነ ተረፈች። ከተሳሳተ ግን «እዚህ የለችም» ብሎ ሳይፈራ የቆረጠው ሥጋ ውስጥ ትሆናለች። ሳያዩ የሚጠነቀቁ ሰዎች የሚጠብቁት የራሳቸውን ግምት ነው።

አሁን ከኦፕራሲዮን ክፍሉ ወጥተን አንድ በር እንመለስ፤ በሽተኛዋና ሐኪሙ ወደሚነጋገሩበት ክፍል። በውጭ አገር የምንኖር ሰዎች ይህን ክፍል እናውቀዋለን። እናት ከአገር ቤት መጥተዋል፤ ቋንቋውን አይችሉም። ልጅ አጠገባቸው ተቀምጦ ያስተረጉማል። ሐኪሙ ዘርዘር አድርጎ ይናገራል፤ ድምፅ ሊጎዳ እንደሚችል፣ ብዙውን ጊዜ እንደሚመለስ፣ አንዳንዴ እንደማይመለስ፣ አልፎ አልፎም ትንፋሽን የሚያውክ ችግር እንደሚገጥም ያስረዳል። ልጁ ዞር ብሎ «ምንም አይደለም እማዬ፣ ቀላል ነው ይላሉ» ይላል። እናት «እሺ፣ እግዜር ይስጣቸው» ይላሉ። ወረቀቱ ይፈረማል።

ልጁን ለመውቀስ አይቸኩሉ። ያደረገው በፍቅር ነው። እናቱ ሌሊቱን ሲጨነቁ እንዲያድሩ አልፈለገም። ፈርተው ኦፕራሲዮኑን እምቢ ቢሉስ፣ እብጠቱ አንድ ቀን ትንፋሽ ቢያሳጣቸውስ? ይህ ከባድ ስጋት ነው። ነገር ግን ልጁ የወሰደው መንገድ ያንኑ የጥንቱን ወገን ምክር ነው፤ ከመጋረጃው በስተጀርባ ያለውን አትንካው፣ ፍለጋው ይጎዳዋል የሚለውን። ስሕተቱም አንድ ነው። የራቀው የእናቱ ፍርሃት አለበት ብሎ ካሰበበት ቦታ ነው። እሱ የሚመስለው እናቱ ሞትን እንደሚፈሩ ነው። እሳቸው ግን ምናልባት ሞትን ለፈጣሪያቸው ትተው የሚፈሩት ሌላ ነገር ይሆናል። በሰፈራቸው ለቅሶ ላይ ሙሾ የሚያወርዱት እሳቸው ይሆናሉ። ወይም እዚህ በማያውቁት አገር፣ በማይገባቸው ቋንቋ መካከል፣ የቀራቸው ቤት በስልክ ከእኅቶቻቸው ጋር የሚጫወቱበት ድምፅ ብቻ ይሆናል። የእናትዎ ነርቭ በየት በኩል እንደምታልፍ ሳይጠይቁ በምን ያውቃሉ?

የሕግ ሰዎችም በራሳቸው መንገድ እዚሁ ደርሰዋል። በ1914 በኒውዮርክ በታየ አንድ ክስ፣ ለምርመራ ብቻ ፈቅጃለሁ ያለች ሴት ሆድዋ ተከፍቶ እብጠት ወጥቶላት ነበር። ዳኛው ቤንጃሚን ካርዶዞ አእምሮው የተስተካከለ ዐዋቂ ሰው ሁሉ በገዛ አካሉ ላይ ምን እንደሚደረግ የመወሰን መብት እንዳለው በፍርዱ ውስጥ አሰፈሩ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2015፣ የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሞንትጎመሪ ጉዳይ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። ሐኪሙ ስለ የትኛው አደጋ መናገር እንዳለበት የሚወስነው የሐኪሞች ልማድ ብቻ አይደለም፤ በዚያች በሽተኛ ቦታ ያለ ሰው ከቁም ነገር የሚቆጥረውን አደጋ መንገር አለበት አለ። ለአንዱ ትንሽ የሆነው ለሌላው የሕይወቱ ግማሽ ነውና። ድምፁ ጥቂት ቢሻክር ሥራውን የሚቀጥል ሰው አለ። አስተማሪዋ፣ ዘፋኟ፣ ማኅሌት ቋሚው፣ አዛን የሚያሰማው፣ ቀኑን ሙሉ በስልክ የምትሠራዋ ግን በድምፃቸው የሚያድሩ ሰዎች ናቸው። ይህን ልዩነት ምንም ዓይነት መሣሪያ አያሳየውም። የሚታወቀው ሰውዬው ሲጠየቅ ብቻ ነው።

ውድ አንባቢ፣ «ይህ የፈረንጅ ሥርዓት ነው፤ እኛ ክፉ ወሬ ፊት ለፊት አንናገርም» ሊሉ ይችላሉ። እውነት ነው፤ ፊት ለፊት አናፈርጥም። ግን እንዴት እንደምንናገር እስቲ ያስቡት። መርዶ እንዴት ነው የሚነገረው? ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ሰውየው ብቻውን እንዳይሆን ታስቦ፣ ቤቱ ተዘጋጅቶ ነው። በውጭ አገር ያለነውም ወሬው ማክሰኞ ቢደርሰን ሰው የሚሰበሰብበትን ቅዳሜ እስክንጠብቅ የምንይዘው ለዚህ ነው። በመጨረሻ ግን ይነገራል። መርዶውን ለዘላለም የሚደብቅ ሰው እንኳን ሊመሰገን፣ «እንዴት ሐዘኔን ትነፍገኛለህ» ተብሎ ይከሰሳል። ባህላችን ያስተማረን እውነቱን የምናደርስበትን ጊዜና አኳኋን ነው። መደበቅን ከባህል የቆጠርነው እኛ ነን።

እዚህ ላይ ነርቯ ሁለተኛ ትምህርት ትሰጠናለች። ሰው የነርቭ ጉዳት ሲባል ተቆርጣ ይመስለዋል። በኦፕራሲዮን ጊዜ ግን ብዙውን ጉዳት የሚያደርሰው መሳብ ነው። እጢውን ወደ ፊት ሲስቡት አብራ ትወጠራለች። ሐኪሙ አይቷታል፣ አልቆረጣትም፣ ለዐይን ደህና ናት፤ ሥራዋን ግን አቁማለች። ደግሞም አጥርቼ ልያት ብሎ ዙሪያዋን ከልክ በላይ የሚገፍፋት፣ ደም የሚያደርሱላትን ደቃቅ ቧንቧዎች አብሮ ይነጥቃታል። ማየት ግድ ነው፤ እየጎተቱ ማየት ግን ሌላ ዓይነት ጉዳት ነው።

እውነትን ለበሽተኛ መንገርም እንዲሁ ነው። አሥር ዓይነት አደጋ በአንድ ትንፋሽ አንብቦ «እዚህ ላይ ይፈርሙ» የሚል ሐኪም አለ። በሕግ ፊት ተናግሯል፤ በሽተኛዋን ግን ወጥሯት ሄዷል። እንዲሁም «እውነቱን ማወቅ አለብሽ» ብሎ በኦፕራሲዮኑ ዋዜማ ማታ ሁሉንም የሚዘረግፍ ዘመድ አለ። ሁለቱም አሳይተዋል፤ ሁለቱም ግን ጎትተዋል። እውነት አስቀድሞ፣ በልክ በልኩ፣ ለማሰቢያ ጊዜ ተሰጥቶት፣ የሚያጽናና ሰው አጠገብ ባለበት ቢነገር ሰው ይሸከመዋል። ከዕድሜያቸው ብዙውን በጦርነት፣ በድርቅና በስደት ያሳለፉ እናት የአንድ ኦፕራሲዮን እውነት ይከብዳቸዋል ብሎ ማሰብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ መናቅም አለበት።

ሦስተኛው ትምህርት ከመሣሪያ የተገኘ ነው። በአሁኑ ጊዜ በብዙ ሆስፒታሎች፣ በሽተኛው በማደንዘዣ ሲተኛ በሚተነፍስበት ቱቦ ላይ የድምፅ አውታሮቹን የሚነኩ ኤሌክትሮዶች ይደረጋሉ። ሐኪሙ ነርቯን በደካማ ኤሌክትሪክ ነካ ሲያደርጋት ጡንቻው ይንቀሳቀሳል፤ መሣሪያውም ድምፅ ያሰማል። ነርቯ «አለሁ» ብላ መለሰች ማለት ነው። ይህ እንዲሆን ግን ጡንቻን የሚያደክመው መድኃኒት በዚያ ሰዓት ሥራውን ጨርሶ መሆን አለበት፤ ዝም ያሰኙት ጡንቻ መልስ አይሰጥም። መሣሪያው ለዘለቄታ የሚቀረውን ጉዳት ዐይን ብቻውን ከሚቀንሰው በላይ ይቀንሳል ወይ በሚለው ጥናቶች እስካሁን አልተስማሙም። አንድ ጥቅሙ ግን ግልጽ ነው። ለዐይን ደህና የሆነች ነርቭ በእርግጥ መሥራትዋን የሚያሳውቀው መጠየቅ ነው።

ስለዚህ ለእናትዎ መንገር ብቻውን አይበቃም፤ መጠየቅም ያስፈልጋል። «እስቲ ሐኪሙ ያሉትን በራስዎ ቃል ይንገሩኝ» ማለት ነው። የእኛ ሰው በሐኪም ፊት «እሺ» ማለትን ከጨዋነት ይቆጥረዋል። «እሺ» አንዳንዴ ገባኝ ነው፣ አንዳንዴ አላስቸግርዎ ነው፣ አንዳንዴም ፈርቻለሁ ነው። መሣሪያው ዝም ሲል ሐኪሙ ወዲያው ነርቯ ሞተች አይልም፤ ቱቦው ከቦታው ተንቀሳቅሶ ይሆን ብሎ ይመረምራል። እኛም የእናታችንን ዝምታና እሺታ እንዲሁ መመርመር ይገባናል።

አራተኛው ከሁሉም የሚከብድ ነው፤ መቆም ማወቅ። እጢው በግራም በቀኝም ነው፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱም እንዲወጡ ይታቀዳል። ሐኪሙ አንዱን ወገን ጨርሶ ነርቯን ሲጠይቃት መልስ ካጣ ምን ያድርግ? በሽተኛዋ ተኝታለች፣ ክፍሉ ተዘጋጅቷል፣ የቀረው ግማሽ ነው። ቀጥሎ ሁለተኛዋም ብትደክም ሴትዮዋ ስትነቃ መተንፈስ ያቅታታል። ዛሬ የዘርፉ ባለሙያዎች የሚመክሩት በዚህ ጊዜ እንዲቆም ነው። ቁስሉን ሰፍቶ ይቀሰቅሳታል፤ ቀሪውን ነርቯ ካገገመች በኋላ በሌላ ቀን ይሠራል። አብዛኞቹ የደከሙ ነርቮች በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይመለሳሉ። የጀመሩትን ሳይጨርሱ ማቆም ለሐኪሙ ክብር ይከብዳል፤ ለቤተሰቡም «ለምን በአንዴ አልተገላገለችም» የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን እናትዮዋ አስቀድመው ከተነገራቸው፣ ግማሽ አንገት ይዘው ሲነቁ የሚያዩት የሐኪሙን ጥንቃቄ ነው። ካልተነገራቸው የሚያዩት ክሽፈት ነው። ያው ቁስል፣ ያው ስፌት፤ ልዩነቱን ያመጣው አስቀድሞ የተባለው ቃል ነው።

ከዚህም የጠበበ በር አለ። ካንሰሩ ነርቯን ተጠግቶ ቢገኝስ? ነርቯ አስቀድማ ሥራ ካቆመች ብዙውን ጊዜ ከካንሰሩ ጋር ትወጣለች። ገና የምትሠራ ከሆነች ግን ሐኪሙ ካንሰሩን ከላይዋ ልጦ ሊያድናት ይሞክራል፤ ይህን ሲያደርግ ጥቂት በሽታ ትቶ ሊሆን ይችላል። ድምፅ በአንድ ወገን፣ የካንሰር ቅሬታ በሌላ ወገን ይመዘናል። አንዲት ሴት «ድምፄ ይሂድ፣ ካንሰሩ ይውጣልኝ፣ ልጆቼን ላሳድግ» ትል ይሆናል። ሌላዋ «ዕድሜዬ ሰባ አምስት ነው፤ የቀረኝን ዘመን በድምፄ ልኑረው» ትል ይሆናል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ለሁለቱም መልስ መስጠት የሚችል ግን ሌላ ሰው የለም። ሐኪሙ ሊያስረዳ ይችላል፣ ልጅ ሊያለቅስ ይችላል፣ ምርጫው የባለ ድምፁ ነው። «ቀላል ነው ይላሉ» ተብለው የገቡ እናት ይህ ጥያቄ ሳይደርሳቸው ይተኛሉ፤ ሲነቁ ሌላ ሰው መርጦላቸዋል።

ይህ ሁሉ ወሬ ሆኖ እንዳይቀር ጥቂት የሚያዝ ነገር ልጨምር። በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ቋንቋውን ለማይችል በሽተኛ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ መሠረቱ የ1964ቱ የዜግነት መብቶች ሕግ ነው። በሽተኛውን የራስህን አስተርጓሚ አምጣ ብሎ ማስገደድም አይችልም። ይጠቀሙበት። አስተርጓሚ ሲኖር ልጅ ልጅ ሆኖ እጅ ይዞ ይቀመጣል፤ የመምረጥና የመደበቅ ሸክም ይወርድለታል። ይህ ሕግ በሌለበት አገር ደግሞ ከቤተሰቡ ፈንጠር ያለ፣ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ዐዋቂ ሰው ቢፈለግ ይሻላል።

ቀዶ ጠጋኙንም መጠየቅ ነውር አይደለም። በዓመት ስንት የታይሮይድ ኦፕራሲዮን ይሠራሉ? በ2017 በአሜሪካ የወጣ ጥናት በዓመት ከ25 በላይ በሚሠሩ ሐኪሞች እጅ ችግሩ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ነርቯን ፈልገው ያገኛሉ? አንደኛው ወገን መልስ ቢያጣ ይቆማሉ? ከኦፕራሲዮኑ በፊት ድምፄ ይመረመራል? ይህ የመጨረሻው ቀላል አይምሰልዎ። ስመ ጥር የሆነችው የኦፔራ ዘፋኝ አሜሊታ ጋሊ ኩርቺ በ1935 በሺካጎ እንቅርትዋ ከወጣ በኋላ ወደ ቀድሞ ዝናዋ አልተመለሰችም። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ታሪኳ የተጎዳች ነርቭ ምሳሌ ሆኖ ሲነገር ኖረ። በ2001 የወጣ ጥናት ግን ድምፅዋ ከኦፕራሲዮኑ በፊትም መድከም ጀምሮ እንደነበር አመልክቶ ነገሩን አጠራጣሪ አደረገው። በፊት የነበረውን ያላወቀ ሰው የጠፋውን አያውቅም፤ ሐኪሙም ያለ ጥፋቱ ሊወቀስ፣ ወይም ከጥፋቱ ሊያመልጥ ይችላል። ከኦፕራሲዮን በኋላም ድምፅ ከሁለት ሳምንት በላይ እንደሻከረ ከቆየ «ይለቀኛል» ብሎ ዝም ማለት አይገባም። ማንቁርቱ ይታይ፤ ሕክምና አለው፣ ቶሎ ሲጀመርም ይበልጥ ይጠቅማል።

እንግዲህ ወደ መነሻው ጥያቄ እንመለስ። ያላዩትን መጠበቅ ይቻላል? አንዳንዴ፣ በአጋጣሚ፣ ይቻል ይሆናል። የጥንቶቹ ሐኪሞች ሳያዩ ብዙ ነርቭ አትርፈዋል፤ ብዙ ልጆችም እውነቱን ደብቀው እናቶቻቸውን በደህና ወደ ቤት መልሰዋል። ነገር ግን ባጋጣሚ የተረፈ ነገር ተጠበቀ አይባልም፤ አመለጠ እንጂ። መጠበቅ የሚባለው ያለበትን ቦታ አውቆ፣ ሳይጎትቱ ቀርቦ፣ «ደህና ነህ ወይ?» ብሎ ጠይቆ፣ መልስ ሲጠፋም እጅን መሰብሰብ ነው። ይህ ለሐኪሙ ከባድ ሥራ ነው። ለእኛም ለልጆች ከባድ ነው፤ ምክንያቱም የእናታችንን ፍርሃት ለማየት የራሳችንን ፍርሃት አስቀድመን ማየት ይኖርብናል። «እማዬ አትችለውም» ስንል ብዙ ጊዜ የማንችለው እኛ ነን።

የሚቀጥለው ሳምንት ከእናትዎ ወይም ከአባትዎ ጋር የሐኪም ቀጠሮ ካለዎት፣ ሐኪሙ ተናግሮ ሲጨርስ ፊትዎን ወደ እሳቸው መልሰው ያለውን ሁሉ ይንገሯቸው፤ ቀስ ብለው፣ ሳያስቸኩሉ። ከዚያም ዝም ይበሉ፤ እሳቸው ይናገሩ። ልንጠብቀው የተነሣነው ያንን ድምፅ አይደለም እንዴ?